ቢዝነስ ካርድ፦ ከተለያየን በኋላ የሚቀረው ወረቀት



የምረቃ ሰሞን ሲቃረብ በግቢያችን ከሚበዙት ነገሮች አንዱ ቢዝነስ ካርድ ነው። አንዱ ለሥራ ፍለጋ ያሠራል፣ ሌላው በክረምት ለጀመረው አነስተኛ ንግድ፣ ሌላው ደግሞ ጓደኛው ስላሠራ ብቻ። እኛ የአሳይታ ልጆች በአንድ ዶርም ስለምንኖርና ከመካከላችን ሁለቱ የዲዛይን ሶፍትዌር ስለሚችሉ ጥያቄው በብዛት ወደኛ ይመጣል። ሁሌም የሚጀምረው በአንድ አባባል ነው፦ «ቆንጆ አድርጋችሁ ሥሩልን»።

ቆንጆ ካርድ አንጠላም። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ግን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ካርዱን የሚይዘው ማነው? መቼ ከኪሱ ያወጣዋል? አውጥቶስ ምን ያደርግበታል? እነዚህን ጥያቄዎች ያስተማረን ያደግንበት አገር ነውና ከዚያው እንጀምር።

አፋር ያልሆናችሁ የግቢያችን ልጆች «ዳጉ» የሚለውን ቃል ሳትሰሙ አትቀሩም። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ብቻ አይተላለፉም። ቆም ይላሉ፣ ጊዜ ካለም ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። ከየት እንደመጡ፣ በመንገድ ምን እንዳዩ፣ ምን እንደሰሙ ይነጋገራሉ። ዝናብ የት ጣለ? ግጦሽ የት አለ? መንገዱ ሰላም ነው ወይ? ማን ታመመ፣ ማን ሞተ? የፍየል ዋጋ ስንት ገባ? ሁሉም ይነሳል። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ ይናገራል። የሰማው ከሆነም ከማን እንደሰማ ይጠየቃል። ሐሰት የጨመረ ወይም የሚያውቀውን የደበቀ ሰው በኅብረተሰቡ ዘንድ ስሙ ይጎድፋል። ስልክና ሬዲዮ ባልነበረበት ዘመን ይህን ሰፊ በረሃ ያገናኘው ዳጉ ነው፤ ዛሬም በሞባይል ውስጥ ሳይቀር ይኖራል።

ይህ ከቢዝነስ ካርድ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ። እኛም ነገሩ የገባን ባለፈው ክረምት ለአንድ የፓምፕ መካኒክ ካርድ ስንሠራ ነው። ሰውየው የአንዱ ጓደኛችን አጎት ናቸው። በአሳይታ ዙሪያ የአዋሽን ውሃ በናፍጣ ፓምፕ እየሳቡ በቆሎና ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ፓምፑ ሲቆም እሳቸው ናቸው የሚፈለጉት። የአሳይታን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ወር ውሃ የተቋረጠበት ችግኝ ብዙ ቀን አይጠብቅም። ስለዚህ የእሳቸው ስልክ ቁጥር በፍጥነት መገኘትና አለመገኘት ለአንድ ቤተሰብ የዓመት ምርት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

አጎታችን ቀድሞ ያሠሩት ካርድ ነበራቸው። ከጀርባው ጀንበር ስትጠልቅ የሚያሳይ ፎቶ፣ በላዩ ጥላ ያለው ወርቃማ ጽሑፍ፣ በአንድ ጥግ ንስር፣ በሌላ ጥግ የዓለም ካርታ ነበረው። የሚሰጧቸው አገልግሎቶች አሥራ አንድ ሆነው ተዘርዝረዋል፤ ስልካቸው ከሁሉም በታች በቀጭን ፊደል ተቀምጧል። «ካርዱን ሁሉ ሰው ወስዷል፣ የሚደውልልኝ ግን ስልኬን ከሰው እየጠየቀ ነው» አሉን።

አዲሱን ለመሥራት ስንቀመጥ ስለ ማስታወቂያ ብዙ አወራን። ሎጎው እንዲህ ይሁን፣ መፈክር ይጨመርበት አልን። እሳቸው በትዕግሥት ሰሙንና እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ካርድ አይቶ ወደኔ የመጣ ሰው የለም። ሰው ነግሮት ነው የሚመጣው። ካርዱ የተነገረውን እንዳይረሳ ነው።»

ከዚያ በኋላ ለሠራናቸው ካርዶች ሁሉ መለኪያ የሆነን ይህ ንግግር ነው። ደንበኛውን የሚያመጣው ዳጉ ነው። አንድ ገበሬ ለሌላው «የኔን ፓምፕ እከሌ ሠርቶልኛል፣ ዋጋውም ደህና ነው» ይለዋል። ካርዱ ያንን ቃል በኪስ ይዞ የሚቆይ አስታዋሽ ነው። ባለቤቱ በሌለበት ቦታ ስለሱ ይናገራል። ስለዚህ ከዳጉ የሚጠበቀው ሁሉ ከካርዱም ይጠበቃል፤ አጭር፣ ግልጽና እውነት መሆን አለበት።

የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ የተማርን ሁሉ የቀለበታቸውን ታሪክ እናውቃለን። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት፣ ለውጭ ነገሥታት ደብዳቤ ሊጽፉ ባሰቡ ጊዜ ነገሥታቱ ማኅተም የሌለውን ደብዳቤ እንደማይቀበሉ ተነገራቸው። እሳቸውም የብር ቀለበት አሠሩ። በላዩ የተቀረጸው ሦስት ቃል በሦስት መስመር ነበር፤ «ሙሐመድ» አንድ መስመር፣ «ረሱል» አንድ መስመር፣ «አላህ» አንድ መስመር። ሌላ ሰው ያንኑ ጽሑፍ በቀለበቱ ላይ እንዳያስቀርጽም ከልክለዋል። ቀለበቱ ከእሳቸው በኋላ በአቡ በክር፣ በዑመር፣ ከዚያም በዑስማን (ረ.ዐ) እጅ ነበር፤ በዑስማን ዘመን አሪስ በተባለው ጉድጓድ ወድቆ ሳይገኝ ቀረ።

የማኅተሙን ክብር ከኛ ወረቀት ጋር ለማስተካከል አይደለም ያነሳነው፤ አላህ ይጠብቀን። ትምህርቱን ግን እንወስዳለን። ማኅተሙ የተሠራው ተቀባዩ የሚቀበለው ነገር ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ነው። በላዩ ያረፈውም ላኪው ማን እንደሆነ ለማወቅ የሚበቃው ብቻ ነው። የሌላ ሰው መለያ መቅዳትም የተከለከለ ሆኗል። ከኢንተርኔት የሌላ ድርጅት ሎጎ አውርዳችሁ ስሙን ብቻ ቀይሩልን የምትሉን ወንድሞች ይህችን የመጨረሻዋን ነጥብ አስቡባት።

ለአጎታችንም ሦስት ነገር መረጥን፤ ስም፣ ሥራና ስልክ። አሥራ አንዱን አገልግሎት «የውሃ ፓምፕና ጄኔሬተር ጥገና» በሚል አንድ መስመር ተካነው። ከደንበኞቻቸው ብዙዎቹ ፊደል አያነቡም። ነገር ግን ፊደል የማያነብ ሰው ብዙ ጊዜ ቁጥር ያነባል፤ ብርና ስልክ አስተምረውታል። ስለዚህ ስልኩን ከካርዱ ሁሉ ትልቁ ጽሑፍ አደረግነው። አሥሩን አኃዝ ሁለት ሁለት እያደረግን በመካከሉ ክፍት ቦታ ተውን። ተያይዞ የተጻፈ አሥር አኃዝ ለዓይን ይምታታል፤ ሁለት ሁለት ሲሆን አንዱ እያነበበ ሌላው መደወል ይችላል። ከጎኑ የፓምፕ ሥዕል በጥቁር መስመር ሳልን።

ከዚያ እንደ ምሕንድስና ተማሪ ፈተሽነው። በጥላ፣ በቀትር ፀሐይና መብራት በሌለበት ምሽት አየነው። ለአንድ ባጃጅ ነጂ፣ ለአንድ ተማሪና ፊደል ለማያነቡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሰጠናቸው። ሽማግሌው ካርዱን መጀመሪያ ገልብጠው ነበር የያዙት። የፓምፑን ሥዕል ሲያዩ ራሳቸው አዞሩት። ከዚያ ቁጥሩን አንድ በአንድ ለልጅ ልጃቸው ነገሩት፤ የአጎታችንም ስልክ ጠራ። ከዚያ ወዲያ ሥዕል በካርድ ላይ ጌጥ ብቻ ነው ብለን አናውቅም።

የካርዱን ጀርባ ባዶ ተውነው። ማተሚያ ቤቱ ሁለቱንም ገጽ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ሊለብጥልን ፈልጎ ነበር፤ ጀርባው እንዲቀር ጠየቅን። አጎታችን የቺንጋውን ቁጥር፣ የሚገዛውን መለዋወጫና ዋጋውን በእስክሪብቶ የሚጽፉት እዚያ ላይ ነው፤ በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ላይ ደግሞ እስክሪብቶ አይጽፍም። አሁን ገበሬው ካርዱን የሚያስቀምጠው መለዋወጫው ስለተጻፈበትም ጭምር ነው።

እንግዲህ የራሳችሁን ካርድ ስትሠሩ የሚጠቅሟችሁን ነገሮች በዝርዝር እንንገራችሁ።

በመጀመሪያ መጠን። የባንክ ኤቲኤም ካርድ በዓለም አቀፍ ደረጃ 85.6 በ53.98 ሚሊሜትር ነው፤ የኪስ ቦርሳ ኪሶችም በዚያ ልክ ይሰፋሉ። 85 በ55 የሆነ ካርድ እዚያው ይገባል። 90 በ50 የሚሠሩም አሉ፤ እሱም ችግር የለውም። ሁለቱም ቢሆኑ ከአንድ ኤ4 ወረቀት አሥር ካርድ ይወጣል፤ ሁለት በአግድም፣ አምስት በቁመት። ቀለም እስከ ጫፍ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ በየጎኑ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ስጡ፤ መቁረጫው ትንሽ ቢስት ነጭ ጠርዝ አይወጣም። በዚያው ልክ ጽሑፉን ከጠርዙ ቢያንስ 4 ወይም 5 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ አስገቡት። ሥዕል ካለው በኢንች 300 ነጥብ ይሁን፤ ለ85 በ55 ካርድ ይህ ወደ 1004 በ650 ፒክስል ነው። ከቴሌግራም የወረደ ትንሽ ፎቶ ስክሪን ላይ ጥሩ መስሎ ወረቀት ላይ የሚደበዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ፊደል። የእንግሊዝኛ ዲዛይን መመሪያዎች የሚሰጡትን የፊደል መጠን ለአማርኛ እንዳለ አትውሰዱ። በግዕዝ ፊደል «ሰ»ን ከ«ስ»፣ «ነ»ን ከ«ኘ» የሚለየው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት። ፊደሉ ሲያንስ ቀለሙ ይንቦጫረቅና ጭረቷ ትጠፋለች። እኛ ለአማርኛ ከ9 ፖይንት በታች አንወርድም፤ ለስልክ ከ16 እንጀምራለን። የላቲን ዋና ፊደል ለአርእስት ያገለግላል፤ በኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለ ልዩነቱን የምታመጡት በመጠንና በውፍረት ነው። ጽሑፉ ጥቁር፣ ወረቀቱ ነጭ ይሁን። ወርቃማና ቢጫ ጽሑፍ በሰመራ ፀሐይ አይነበብም፤ የሚያብረቀርቅ ልባጥ ደግሞ ፀሐይቱን ራሷን ወደ ዓይን ይመልሳል። ማት የሚባለው የማያብረቀርቅ ልባጥ ለዚህ አገር ይሻላል።

ስለ ፎንት አንድ ነገር ልብ በሉ። የግዕዝ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ሆኖም ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር የተዘጋጁ ፎንቶች ዛሬም በየኮምፒዩተሩ አሉ። በነሱ የጻፋችሁትን ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ስትከፍቱት ስማችሁ የምልክት ክምር ይሆናል። በዩኒኮድ ፎንት ጻፉ፤ ለማተሚያ ቤት ስትሰጡ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጋችሁ፣ ፎንቱን አካታችሁ ስጡ።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በአሳይታ በአንድ ካርድ ላይ ሦስት ፊደል ማየት የተለመደ ነው፤ አማርኛ፣ አፋርኛና ዐረብኛ። ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት የተማርን ልጆች ሦስቱንም እናነባለን። መድረሳ ውስጥ በሉሕ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ትምህርት ቤት በደብተር ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ጽፈናል። በአንድ ትንሽ ካርድ ላይ ሦስቱንም መጠቅጠቅ ግን አንባቢውን ያደክማል። የካርዱ ተቀባይ በብዛት የሚያነበውን ምረጡ፤ ሁለተኛ ካስፈለገ ጀርባው አለ። ዐረብኛውን ከቀኝ ጠርዝ አስጀምሩ። ፕሮግራሙ ዐረብኛን ካልደገፈ ፊደላቱ ተለያይተውና ተገልብጠው ይወጣሉና ሳታነቡ አታሳትሙ።

አፋርኛም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዲሚስና ሬዶ ባዘጋጁት «ቀፈር ፈራ» በተባለው የላቲን አጻጻፍ «ኪው» የሚባለው ፊደል የዐይንን ድምፅ፣ «ሲ» የሚባለው ደግሞ የሐን ድምፅ ይወክላል። ይህን የማያውቅ ጸሐፊ ስሕተት መስሎት በእንግሊዝኛ ልማድ «ያርመዋል»፤ ስማችሁም የሌላ ሰው ስም ይሆናል። ከመታተሙ በፊት አፋርኛ የሚጽፍ ሰው ያንብበው።

አራተኛው ስም ነው። እስኪ ስልካችሁን ክፈቱና «መሐመድ» ብላችሁ ፈልጉ። ስንት ወጣላችሁ? የኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ በሙስሊም ሰፈር ደግሞ ሦስቱም ይመሳሰላሉ። ሰው ስለዚህ «መሐመድ ፓምፕ»፣ «ዓሊ ላፕቶፕ» እያለ ይመዘግባል። ካርዳችሁ መጨረሻ ላይ የሚገባው የሰው ስልክ ውስጥ ነውና ስማችሁንና ሥራችሁን አጠጋግታችሁ ጻፉት፤ መዝጋቢው እንዳለ ይገለብጠዋል። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በማይታወቅበት ከተማ አድራሻ ማለት ሰው የሚያውቀው ምልክት ነው፤ ከገበያው በላይ፣ ከመስጂዱ አጠገብ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። ኔትወርክ ሲጠፋ ሰው የሚመጣው በዚህ ነው። የሥራ ሰዓት ከጻፋችሁ ደግሞ «ጠዋት» ወይም «ማታ» በሉ። «2:00» ብቻ ቢባል አገሬው ጠዋት ይመጣል፤ ከውጭ የመጣ እንግዳ ደግሞ በቀትር ሐሩር በሩ ላይ ይቆማል።

ኪውአር ኮድ እንጨምር ወይ የሚለው የዘወትር ጥያቄ ነው። ኪውአር ኮድ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ዴንሶ ዌቭ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ለመኪና መለዋወጫ መቆጣጠሪያ የፈጠረው ነው። ጥሩ ጎኑ ጠንካራ መሆኑ ነው፤ በከፍተኛው የእርማት ደረጃ ከተሠራ እስከ 30 በመቶው ቢበላሽ እንኳ ይነበባል። ነገር ግን ወደ ድረ ገጽ የሚወስድ ከሆነ ኢንተርኔት ይፈልጋል። ስማችሁንና ስልካችሁን ራሱን በኮዱ ውስጥ ብታስቀምጡ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። የምትሰጡት ሰው ስማርት ስልክ ከሌለው ግን ቦታውን ለቁጥሩ ልቀቁለት።

ለእህቶቻችን አንድ ነገር ማንሳት እንፈልጋለን። ልብስ ሰፍተው፣ ሒና ሠርተው ወይም ኬክ ጋግረው የሚሸጡ እህቶች ካርድ ካሠሩ በኋላ ከደንበኛ ይልቅ የሚረብሽ ስልክ በዛብን ሲሉ ሰምተናል። ካርድ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል፤ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ስለዚህ ለሥራ ብቻ የሚሆን ሌላ ሲም ካርድ መያዝ፣ ፎቶን መተው፣ ከራስ ስም ይልቅ የሥራውን ስም ማስቀደም ይጠቅማል። ይህ ለጥንቃቄ ነው፤ ጥፋቱ የሚረብሸው ሰው እንጂ የእህታችን አይደለም።

ሌላው በካርድ ላይ የቁርኣን አንቀጽ ወይም «ቢስሚላህ» በዐረብኛ የማሳተም ልማድ ነው። ኒያው መልካም ነው። ግን ካርድ ይወድቃል፣ ይረገጣል፣ ኪስ ውስጥ ሆኖ መጸዳጃ ቤት ይገባል። ሉሕ የታጠበበትን ውሃ እንኳ የትም እንዳንደፋ ነው መድረሳ ያስተማሩን። ሥራውን በቢስሚላህ ጀምሩ፤ ወረቀቱ ላይ ባይኖር ይሻላል እንላለን።

በመጨረሻ በዶርማችን ብዙ ያከራከረንን ጉዳይ እናንሳ። ከስም በፊት «ኢንጂነር» ይጻፍ ወይስ አይጻፍ?

ገና 5ኛ ዓመት የሆንን ልጆች ነን። አንዱ ጓደኛችን እንዲህ አለ፦ «ሁሉም ይጽፋል። ቀጣሪው መጀመሪያ የሚያየው ማዕረግ ነው። እኛ ብቻ «ተማሪ» ብለን ብንጽፍ ማን ይጠራናል? ደግሞ ጥቂት ወር ነው የቀረን።» ክርክሩ ቀላል አይደለም። ቤተሰብ ይጠብቃል፣ ሥራ ጥቂት ነው፣ ካርድ ደግሞ አንዴ ከታተመ መቶ ወይም ሁለት መቶ ነው። ከመካከላችን በዚህ ሐሳብ ያዘነበሉ ነበሩ።

ሌላኛው ያነሳው ጥያቄ ይህ ነበር፦ «ካርዱን አሳይታ ውስጥ አንድ ሰው ይዞ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ልሠራ ነው፣ ምሰሶውን አስላልኝ ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ?»

ዝም አልን። የምንኖረው መሬት በሚሰነጠቅበት አገር ነው። ከሰመራ ብዙም የማትርቀው ሰርዶ በ1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች፤ ሰዎችም ሞተዋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ በተከታታይ በደረሰው መንቀጥቀጥ ብዙ ቤተሰቦች ቀዬአቸውን ለቀው ወጥተዋል። በዚህ ምድር ላይ «ኢንጂነር» የሚለው ቃል የአንድ ቤተሰብ ጣሪያ የሚያርፍበት ቃል ነው። ሰውየው ካርዱን ሲያነብ እኛ አጠገቡ የለንም፤ «ገና ነኝ፣ ሌላ ሰው ጠይቅ» የሚለው የለም። ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ያልተሰጠውን እንደተሰጠው የሚያስመስለውን ሰው የሐሰት ልብስ ከለበሰ ጋር ያመሳሰለው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ሽማግሌዎቻችንም በዳጉ ያላዩትን አየሁ የሚልን ሰው ሁለተኛ አይጠይቁትም። ሁለቱም ወደ አንድ ነገር ያደርሱናል፤ ማዕረግ አማና ነው።

ስለዚህ የጻፍነው እንዲህ ነው፦ «የሲቪል ምሕንድስና 5ኛ ዓመት ተማሪ»። ከሥሩ ደግሞ በእርግጥ የምንችለውን፦ «በአውቶካድ የፕላን ሥዕል፣ የመሬት ልኬት ረዳትነት»። ሥራ አላጣንም። ኢንተርንሺፕ በወጣንበት ጊዜ ካርዳችንን ያየ አንድ ባለሙያ «የምትችሉትን ለይታችሁ ጽፋችኋል፣ ምን እንደማዛችሁ አውቃለሁ» ብሎ ሥዕል ሰጠን። ያም ባይሆን ኖሮ የምንጽፈው አይለወጥም ነበር። ክርክሩን ያነሳው ጓደኛችንም እንዲሁ አሳትሟል፤ ግን 50 ብቻ ነው ያሠራው፤ ኢንሻአላህ ሲመረቅ ሌላ ያሠራል። ብልኅነት ነው፤ ተመራቂዎች ሁላችሁም ብዙ አታሳትሙ። ስልክም አድራሻም ማዕረግም የሚለወጥበት ዕድሜ ላይ ነን።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ካርዱን በተራ ወረቀት በትክክለኛ መጠኑ አትሙና ቆርጣችሁ ሁለት ሦስት ቀን በኪሳችሁ ያዙት። ፀሐይ ላይ አንብቡት። ቁጥሩን ከወረቀቱ እያያችሁ በሌላ ሰው ስልክ ደውሉ፤ የናንተ ስልክ ካልጠራ አንድ አኃዝ ተሳስቷል ማለት ነው፤ መቶ ካርድ ከታተመ በኋላ ከማወቅ ይሻላል። ለማያውቃችሁ ሰው ሰጥታችሁ «ይህ ሰው ምን ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን ካልመለሰ የሚቀነስ ነገር አለ።

ስትሰጡም በቀኝ እጃችሁ፣ ጽሑፉ ወደ ተቀባዩ ዞሮ ይሁን። ለታላቅ ሰው ስትሰጡ ግራ እጃችሁን ቀኝ ክንዳችሁ ላይ ማድረጉን ከቤታችሁ ታውቁታላችሁ። መጀመሪያ ተዋወቁ፣ ተጨዋወቱ፣ የሰውየውን ጉዳይ ስሙ፤ ካርዱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ለሁሉ እንደ ቆሎ የተበተነ ካርድ የማንንም ቃል አያስታውስም።

ካርድ ማሠራት የምትፈልጉ የጀመዓችን አባላት ሐሙስ ከዐስር ሰላት በኋላ ዶርማችን ኑ። ለዲዛይኑ ክፍያ የለም፤ የማተሚያውን ብቻ ትከፍላላችሁ። ስትመጡ ግን ካርዱን ማን እንደሚይዘውና በእርግጥ የምትችሉት ምን እንደሆነ አስባችሁ ኑ፤ ከኛ ጋር ብዙ ሰዓት የሚወስደው እሱ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሐላል ሪዝቅ ይስጠን፤ በሌለንበት ስለኛ የሚነገረውንም እውነትና መልካም ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።